ጫማህ እኔ ዘንድ ነው

ረሆቮት፣ ኦሺዮት
ሴፕቴምበር 2008

ውድ ወንድሜ ተዘራ፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ። በዚህ አገር ራቢዎች ሕግ በለቅሶ ጊዜ የቆዳ ጫማ የሚከለከለው ለሰባቱ ቀን ብቻ ነው። ሰባቱ ቀን አልቆ ሐዘንተኛው ከተቀመጠበት ሲነሣ ጫማውን መልሶ ያደርጋል። ለአባትም ይሁን ለእናት፣ ለባልም ይሁን ለሚስት በዚህ በኩል ልዩነት የለውም። ጠይቄ፣ አጣርቼ፣ የነገረኝንም ሰው አስደግሜ ነው የምጽፍልህ። ባለቤትህ እልፍነሽ ካረፈች ሁለተኛው ክረምት አልፏል፤ አንተ ግን እስከ ዛሬ በሸራ ጫማ እንደምትሄድ ልጅህ ማንተገብሽ ነገረችኝ።

አሁን ሰላም ልበልህ። እንደምን አለህ? አፉላ እንዴት ይዞሃል? እኔና ዘመናይ ከነልጆቻችን ደኅና ነን። በስልክ ያልነገርሁህ ብነግርህ «እሺ፣ እሺ» ብለህ እንደምታልፈኝ ስለማውቅ ነው። ወረቀት ግን እሺ ብለኸው አይሄድልህም። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ስለዚህ መነጽርህን አድርግና በእርጋታ አንብበኝ።

ነገሩን የሰማሁት እንዲህ ነው። ማንተገብሽ ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ ወደ ረሆቮት መጥታ እኛ ዘንድ ምሳ በላች። ያለፈውን ክረምት ሙሉ እግርህ እየራሰ መክረምህን፣ ሳሉም ከዚያ መምጣቱን፣ የክሊኒኳ ነርስ ደኅና ጫማ እንድታደርግ ብትለምንህ «ተከልክያለሁ» ብለህ እንደ መለስህላት አጫወተችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ጋሼ ባሕሩ፣ በእናንተ ወግ እስከ ስንት ዓመት ነው?» አለችኝ።

«የቱ ወግ?» አልኋት።

«የጫማው ነዋ። የአገር ቤቱ።»

ተዘራ፣ አንተም እኔም እናውቀዋለን፤ አገር ቤት እንዲህ ያለ ወግ አልነበረንም። የቆዳ ጫማ ያለው ሰው ራሱ ስንት ነበር? ወዲያው የእኛን ወግ ለሚያውቁት ለቄስ ቢራራ ደወልሁላቸው። እሳቸውም ተዝካሩን አፉላ ስናወጣ እግርህን አይተውት ኖሯል። «እኔማ የዚህ አገር ሕግ መሰለኝ» አሉኝ። «ራቢዎቹ ካዘዙት እኔ ምን ልናገር ብዬ ዝም አልሁ።» ልጅህ የእኛ ወግ ነው ብላ ታከብርልሃለች፤ ቄሱ የእነሱ ሕግ ነው ብለው ያከብሩልሃል። በሁለቱ አክብሮት መካከል አንተ በዝናብ በሸራ ጫማ ትሄዳለህ። እኔም በተዝካሩ ዕለት አይቼህ ነበር፤ ለቀኑ ብለህ ያደረግኸው መስሎኝ አለፍሁት።

ሁላችንም ከየት እንደ ተነሣ ረሳነው እንጂ ነገሩ የተጀመረው በዓይናችን ፊት ነው። ከቀብር ስንመለስ ያ ሁሉ ዝናብ ነበር። አንተ ቡናማውን ጫማህን እንዳደረግህ፣ ጭቃው እስከ ማሰሪያው ድረስ ተለጥፎበት፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጥህ። ማታ የጸሎት ቤቱ ሥርዓት አስከባሪ፣ ጋባዩ ኡሪ ሊያጽናናህ መጣ። ኡሪ እንዴት ያለ ሰው እንደ ሆነ አልነግርህም፤ ገና እንደ መጣን ሰሞን ጸሎት ቤቱ፣ ቤት ክነሴቱ በር ላይ ጫማችንን አውልቀን ደርድረን ስንገባ አይቶ፣ ምን እንደሚለን ቢጨንቀው የራሱንም አውልቆ ከእኛ ጫማ ጎን ያቆመ ሰው ነው። በዚያን ማታም ጫማህን አየና እጁን ጉልበትህ ላይ አድርጎ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ። አማችህ አስተረጎመልህ፤ «የቆዳ ጫማ አይደረግም ይላል» አለህ። አንተ ጎንበስ ብለህ ማሰሪያውን ፈታህ። ኡሪም ጫማውን በሁለት እጁ ተቀብሎ በሩ ሥር አኖረው።

በሰባተኛው ቀን ጧት ኡሪ ተመልሶ መጣ። ተነሡ አለን፤ በሥርዓታቸው መሠረት ወጥተን ሕንፃውን አንድ ጊዜ ዞርን። የቀረውን ሁሉ ደረጃው ላይ ቆሞ ለአማችህ በዕብራይስጥ አንበለበለለትና ሄደ። አማችህ ስለ መቃብሩ ድንጋይ፣ ስለ ሠላሳው ቀን መታሰቢያ ነገረን። ስለ ጫማው ግን ማንም አላነሣም። የከለከለህ ሰው ነበር፤ የፈቀደልህ ሰው አልነበረም።

የረሆቮቱን ቤትህን ለቅቀህ ከልጅህ ጋር ልትኖር ወደ አፉላ ስትሄድ ደግሞ ዕቃው ሁሉ ከተጫነ በኋላ ቡናማው ጫማ ያለበትን ካርቶን ይዘህ ወደ እኔ መጣህ። ያልኸውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«እንካ፤ ጣልልኝ ወይም ለሰው ስጥልኝ። እነዚህን ያደርግ የነበረው ሰው ሞቷል።»

እኔም እሺ ለማለት «ቤሰደር» አልሁህ። ያን ያህል ዘመን ሰው ሳስተምር ኖሬ በዚያች ሰዓት ሌላ ቃል አጣሁ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ካርቶኑን ታቅፌ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር።

አልጣልሁትም። ለማንም አልሰጠሁትም። ጫማህ እኔ ዘንድ ነው፤ በደኅና ሁኔታም ላይ ይገኛል።

እንዴት ልጥለው እችላለሁ? የተገዛ ዕለት አብሬ ነበርሁ። አንተ ሱቁ ሳይጨናነቅ በጧት እንሂድ ብትል እንቢ ያልሁህ እኔ ነኝ፤ እግር ከቀትር በኋላ ያብጣል፣ በጧት የተለካ ጫማ ማታ ያጣብቃል ብዬ። እልፍነሽም በማንተገብሽ ሠርግ ላይ የምታደርገውን ካልሲ በቦርሳዋ ይዛ መጣች፤ በሌላ ካልሲ እንዳይለካ ነግሬያት ነበርና። ሄርጽል ጎዳና ላይ ያ ሽማግሌ ባለ ሱቅ መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አመጣልን። አጥፌ አየሁት፤ ሶሉ በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ነበር፤ መለስሁለት። ከዚያ ከኋላ ገብቶ ቡናማውን አወጣው። ሶሉ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ነው። ገበሩም ቆዳ ነው። እጄን ውስጥ አስገብቼ ስፌቱ የሚቆረቁር እንደ ሆነ ስፈትሽ፣ ታኮውን በጣቴ ሳንኳኳ፣ አንተ ትዕግሥትህ አለቀና፦

«መምህር፣ ጫማ ነው የምንገዛ ወይስ በቅሎ?» አልኸኝ።

«በቅሎ ቢሆንማ ጥርሱን አይቼ እለቅህ ነበር» አልሁህ። ባለ ሱቁ አማርኛ ሳይሰማ አብሮን ሳቀ።

ዋጋውን ስትሰማ ግን ጫማውን ከእግርህ አወጣኸው። ሰው በሠርግ ላይ ፊት እንጂ እግር አያይም፣ ያው አሮጌው ተቀብቶ ይበቃኛል አልህ። ያን ጊዜ እልፍነሽ ከወንበሯ ሳትነሣ የተናገረችው ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«አንተ ሰው፣ ልጅህ ጉልበትህን ልትስም ጎንበስ ስትል ምን የምታይ ይመስልሃል? ፊትህን? ጫማህን ነው የምታይ።»

አንተም ጫማውን መልሰህ አደረግኸውና፣ ስትራመድበት እስካይ ድረስ እንኳ ሳትጠብቀኝ፣ ወደ ገንዘብ መቀበያው ሄደህ ከፈልህ።

የሠርጉንም ማታ አስታውስ። ማንተገብሽ ጉልበትህን ልትስም ስታጎነብስ የቀሚሷ ክር በጫማህ ማሰሪያ ተያዘ። ቀና ማለት አቃታት። ሰው ሁሉ እልል ሲል፣ ካሜራ ያነሣው ሲጠብቅ፣ እልፍነሽ በዚያ ሁሉ ልብሷ ተንበርክካ ክሩን ፈታችው። ሦስታችሁም አንድ ቦታ ላይ አጎንብሳችሁ ትስቁ ነበር። ፎቶግራፉ ላይ የወጣው የሦስታችሁ ጀርባ ነው። እኔ ግን ከጎን ስለ ነበርሁ ፊታችሁን አይቻለሁ።

አንተ እንግዲህ ሞቷል ያልኸኝ ሰው ያ ነው። እኔ አላመንሁህም፤ ነገር ግን ሐዘንተኛን አልሟገትም ብዬ ካርቶኑን ይዤ ገባሁ።

መጀመሪያ ስከፍተው ቆዳው እንደ ዛፍ ልጥ ደርቆ ነበር። ጭቃው በስፌቱ ውስጥ ገብቶ ጠንክሯል። ማሰሪያውን አወጣሁ፤ በደረቅ ብሩሽ ቀስ ብዬ ጭቃውን አረገፍሁት። ከየት የመጣ ጭቃ እንደ ሆነ ስለማውቅ ወደ ቆሻሻ ልደፋው አልቻልሁም። ከረገፈበት ጋዜጣ ላይ ሰብስቤ በረንዳዬ ላይ ባለችው የጤና አዳም ማሰሮ ውስጥ ጨመርሁት። ጤና አዳሟ ዘንድሮ እንዴት እንዳማረባት ስትመጣ ታያታለህ።

ከዚያ እርጥብ ጨርቅ፤ ከዚያ ጥላ ሥር ማድረቅ። አንተ ፀሐይ ላይ እያሰጣህ እልፍነሽ እየተነሣች ስታስገባው ትዝ ይለኛል፤ ቆዳ በፀሐይ ይሰነጠቃል ብዬ ስንቴ ነግሬህ ነበር። ቅባቱን በጨርቅ ሳይሆን በጣቴ ጫፍ፣ ትንሽ በትንሽ አጠጣሁት። በመጀመሪያው ቀን የቀባሁትን ሁሉ ጠጥቶ ምንም ያልተቀባ መሰለ። በማግሥቱ ደገምሁት። ሲጠግብ ገባኝ፤ ሲጫኑት እሺ ማለት ጀመረ። ቀለም የቀባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የተራበ ቆዳ ላይ ቀለም ይቀባና ያበራል ብሎ ይደሰታል። ማብራትና መዳን አንድ አይደሉም።

በግራው ጫማ ውስጥ እልፍነሽ ቆርጣ ያስገባችውን ጨርቅ አገኘሁ። ግራ እግርህ ከቀኙ እንደሚያንስ እኔ አላውቅም ነበር፤ ለካ እሷ ታውቃለች። በእግርህ ልክ አስተካክላ ጠርዙን ጥቅጥቅ አድርጋ ሰፍታዋለች። አውጥቼ አናፈስሁትና ወደ ቦታው መለስሁት። እንዳለ ነው።

የእንጨት ቅርጽም ገዝቼ አስገባሁበት፤ ግን ቆዳ በካርቶን ውስጥ ብቻ አይኖርም። ካልተረገጠ ይደርቃል፣ ስፌቱም ይሞታል። ስለዚህ አርብ አርብ ከቀትር በኋላ አደርገውና እስከ ብርቱካኑ ማሳ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። እግርህ ከእኔ ይረዝማልና ሁለት ካልሲ ደርቤ ነው። ዘመናይ በር ላይ ታየኝና፣ «ዛሬም ከተዘራ ጋር ልትወጣ ነው? በጊዜ መልሰው እንግዲህ፣ ሻባት ሊገባ ነው» ትለኛለች። እኔ ጫማ የምበላው በውጭ በኩል ነው፣ አንተ በውስጥ በኩል። አረጋገጥህን እንዳላበላሽ ብዬ እንዳንተ ወደ ውስጥ እየረገጥሁ ለመሄድ ሞከርሁ። ዘመናይ ከመስኮት አይታኝ ልጆቹን ጠራቻቸው። ያም ሆኖ አልተሳካልኝም፤ ታኮውን ለማስቀየር ጫማ ሰፊው ሰንድላር ዘንድ ስወስደው ሰውዬው አገላብጦ አየና፣ «ይህ ጫማ የአንድ ሰው ነው የሁለት?» አለኝ። የሁለት ነው አልሁት።

እውነቱን ልንገርህ፤ ለጫማው ብቻ ብዬ አይደለም የምሄደው። አብረን እንሄድበት የነበረውን መንገድ ነው የምሄደው። አንተ ሁልጊዜ የምትቆምበት የጥጉ አግዳሚ ወንበር ጋ ስደርስ እኔም እቆማለሁ። ስትኖር የማልነግርህን ያን ጊዜ በልቤ እነግርሃለሁ። ወዳጅ ከሄደ በኋላ ወሬው የሚበዛ አይመስልህም?

ወደ ቤት ክነሴት ግን አድርጌው ሄጄ አላውቅም ነበር። ያንተን ጫማ አድርጌ ባዶ ወንበርህ አጠገብ መቀመጥ ከበደኝ። ማንተገብሽ የነገረችኝን ከሰማሁ በኋላ ግን ኡሪን ልጠይቀው ወሰንሁ። ስለ የትኛው ጫማ እንደምጠይቀው እንዳይሳሳት ያንኑ አድርጌ ሄድሁ። ጸሎቱ ሲያልቅ ወደ እኔ መጣ፤ እጁን ዘርግቶ ሊጨብጠኝ ሲል ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«የማን ናቸው?» አለኝ።

«የተዘራ ናቸው።»

ፊቱ ተለወጠ። አጠገቡ ያለውን ወንበር ያዘ። «መቼ ሞተ? እንዴት ማንም አልነገረኝም?»

«ማን ሞተ?»

«ተዘራ ነዋ!»

«ኧረ አልሞተም። አፉላ ከልጁ ጋር ነው ያለው።»

ተቀመጠ። ትንፋሹን ሰብስቦ ትከሻዬን በቡጢ መታኝ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ከዚያ ደግሞ ተቆጣኝ። በእነሱ ዘንድ የሞተ ሰው ጫማ እንደማይደረግ ያን ጊዜ ነገረኝ። ልብሱ ለሌላ ይሰጣል፣ ጫማው ግን በሌላ ሰው እግር አይገባም። እኔ ሕጉን የማላውቅ መስሎት፣ አንተንም ቀብረን ጫማህን የተከፋፈልን መስሎት ደንግጦ ነበር።

ያን ጊዜ ጥያቄዬን ጠየቅሁት። «ሰባት ቀን ነው» አለኝ፤ ትንሽ ልጅ የጠየቀው ይመስል። «ሲነሡ ይደረጋል። አልነገርሁትም እንዴ?» መከልከሉን ነግረኸዋል፣ መፈቀዱን ግን አልነገርኸውም፤ ሰውየው እስከ ዛሬ በሸራ ጫማ ነው አልሁት። ኡሪ አሁኑኑ እደውልለታለሁ ብሎ ቁጥርህን ጠየቀኝ። ለእኔ ተወው፣ እኔ እጽፍለታለሁ አልሁት።

ይኸውልህ፣ ጻፍሁልህ። ነገር ግን እኔ የሥጋ ወንድምህ ባልሆን ካንተ ጋር ያደግሁ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። አንተ ነገር ሳትጠይቅ የምታልፍ ሰው አይደለህም። የአውቶቡስ ነጂ እንኳ መንገድ ቢቀይር ምክንያቱን ሳትሰማ አትወርድም። ስለ ጫማው ግን ማንንም አልጠየቅህም። ኡሪን ብትጠይቅ «አብቅቷል» እንደሚልህ ልብህ የሚያውቅ ይመስለኛል። አብቅቷል የሚለውን ቃል መስማት አልፈለግህም። አልፈርድብህም፤ ዘመናይ አጠገቤ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ ምን አውቄ ልፍረድ? ብቻ ለእልፍነሽ ብለህ እንደ ሆነ፣ እሷ በዝናብ በሸራ ጫማ ብታይህ ምን እንደምትልህ እኔም አንተም እናውቃለን።

ደግሞም የሰጠኸኝን ቃል መልሼልሃለሁ። ያደርጋቸው የነበረው ሰው ሞቷል ብለኸኝ ነበር። ያልኸውን ባምንህ ኖሮ፣ የኡሪን ሕግ ባላውቅም እንኳ፣ እግሬ ወደዚያ ጫማ አይገባልኝም ነበር። ያደረግኋቸው በሕይወት ያለህ ወንድሜ ስለ ሆንህ ነው። እስክትመጣ ድረስ እየሄድሁልህ ነው እንጂ አልወረስሁህም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ጉዳይ አለኝና። ልጄ ኤሊያስ ሊያገባ ነው። ልጅቱ ኢንባር ትባላለች፤ መዝከረት ባትያ ከተማ የሚኖሩት የአቶ ቢሻው ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ በአውሮፕላን የመጡ ናቸው፤ ዘራቸው ግን ያው ከእኛው አገር፣ ከወገራ ነው። ልጆቹ ጨርሰዋል፤ ነስ ጺዮና ከተማ የሠርግ አዳራሽ እንኳ አይተው መጥተዋል። አቶ ቢሻው ግን ሽማግሌ ይላክልኝ፣ ዘርም እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠርልኝ፣ ያለዚያ እጄን ለምርቃት አላነሣም ብለዋል። ኤሊያስ መጀመሪያ ሳቀ። ኢንባር ግን «አባቴ ካለ አለ ነው» ብትለው ሳቁን ተወ።

የእኔን አባት ወገን እኔ ራሴ ቆጥሬ ከአምስተኛው በላይ አልደርስም። ቄስ ቢራራን ጠየቅኋቸው፤ «ያን የሚያውቅ ተዘራ ነው፤ ሌላው ሁሉ አልፏል» አሉኝ። የአቶ ቢሻውንም ወገን ከእናትህ ወንድም በኩል ታውቃለህ ብለውኛል። ካልመጣህ ቆጣሪ የለንም። ቆጣሪ ከሌለ ሰውየው ልጃቸውን አይሰጡም። በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው የሚናገር። ኤሊያስን ያለ ጋሼ ተዘራ ብንሄድስ ብዬ ብፈትነው፣ «አባ፣ ቀልዱን ተው። ያላ፣ ጻፍለት» አለኝ። እኔ የሰው ልጅ ፊደል ሳስቆጥር የእኔን ልጅ የጫማ ማሰሪያ ማሰር ያስተማርኸው አንተ መሆንህን አልረሳም። ዛሬም ከግራ ጀምሮ ነው የሚያስር፣ እንዳንተ።

ሽማግሌዎቹ የምንሄደው ከዳስ በዓል በኋላ ባለው ሳምንት ነው። እኔ ግን ቀደም ብለህ እንድትመጣልኝ እፈልጋለሁ፤ ለአስተሥርዮ ጾም። ምክንያቴን ልንገርህ። በዚያ ቀን የቆዳ ጫማ ለማንም አይፈቀድም። ሀብታሙም፣ ራቢውም፣ ኡሪም፣ እኔም በሸራ ጫማ ነን። አንተ እንዳለህ፣ እግርህን ሳትቀይር፣ ከአፉላ እንደ መጣህ መካከላችን ትቆማለህ። ማንም እግርህን አያይም፣ ማንም ምንም አይጠይቅህም፤ ወንበርህም ባዶ ነው። ማታ ቀንደ መለከቱ ሲነፋ ሁሉም ሰው ወደ በሩ ይወጣል። በዚያች ሰዓት እኔ ካርቶኑን ይዤ በሩ ጋ እቆምልሃለሁ፤ ኡሪም አብሮኝ ይቆማል፤ ጫማውን ከእግርህ የተቀበለው እሱ ስለ ሆነ የሚመልስልህም እኔ ነኝ ብሏል። ሰው ሁሉ ጫማውን ሲቀይር አንተም ትቀይራለህ። ብቻህን አይደለህም።

ማሰሪያው አዲስ ነው፤ ሲያስሩት ያንሸራትታልና ደገም አድርገህ እሰረው። መጀመሪያ ትንሽ ይጠብብሃል፤ የእኔን እግር ለምዶ ነውና አትቆጣው፣ ሲሄድ ያስታውስሃል። ከዚያ በእግራችን ወደ ቤት እንመጣለን። ዘመናይ የጾም ማፍረሻ አዘጋጅታ ትጠብቀናለች። በሠርጉም ማታ ኤሊያስና ኢንባር የእኔን ጉልበት ስመው ቀጥለው ወደ አንተ ይመጣሉ። ጎንበስ ሲሉ ምን እንደሚያዩ እልፍነሽ ነግራሃለች።

ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰህ መልስልኝ። ረጅም መሆን የለበትም፤ «ካርቶኑን ይዘህ ጠብቀኝ» ብትለኝ ይበቃኛል። ጾሙ ቅርብ ነው፣ አቶ ቢሻውም ቀኑን ቁረጡልኝ እያሉ ነው። እባክህ ተዘራ፣ ሳታሳድረው ጻፍልኝ።

አርብ አርብ አብሮህ የሚሄደው ወንድምህ፣
ባሕሩ